አበባን ከውርጭ ስለ መጠበቅ

በልደታ ሰፈር ባሉት ግቢዎች ክረምቱን ሁሉ ያማረ አበባ፤ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ወር በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ሲገኝ አያሌ ሰዎች በሽታ የያዘው ይመስላቸዋል። ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ብርድ ነው። የአዲስ አበባ መካከል ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ በበጋም ሰማዩ ስለሚጠራ ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ትለቃለች። ቀዝቃዛውም አየር ከባድ ስለ ሆነ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ይወርዳል። ስለዚህ ወደ ወንዝ ያዘነበለ ግቢ ከሌላው ይልቅ ይጎዳል።

ሳልቪያ የሚባለው አበባ ወገኑ ብዙ ነው። ለጥብስ የምናውቀው ሮዝመሪ እንኳ በ2009 ዓ.ም. በዕፀዋት ሊቃውንት ከዚሁ ወገን ተቈጥሯል፤ እርሱ ብርድ ይችላል። ከብራዚል የመጣው ቀዩ ሳልቪያ ግን ውርጭ ሲያገኘው ፈጽሞ ይሞታል፤ ከሜክሲኮ የመጣው ሐምራዊው ቅጠሉ ቢቃጠልም ሥሩ ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

አስተዋይ የቤት እመቤት እንግዲህ ብርዱን ሳትጠብቅ በመስከረም ትዘጋጃለች። አበባ ካልያዘው ቅርንጫፍ የጣት ርዝመት ያህል ቈርጣ፤ የታችኛውን ቅጠል አራግፋ፤ አሸዋ በተቀላቀለበት ዐፈር በሸክላ ትተክላለች። ችግኙ ሥር እስኪሰድ ከፀሓይ ይከለል። ከዚያም ሸክላው በረንዳ ላይ ከግድግዳ አጠገብ ይቀመጥ፤ ግድግዳው የቀኑን ሙቀት ሌሊት ይሰጠዋልና። ውሃውም ጥቂት ይሁን፤ በጧትም ይጠጣ።

በመደብ ላይ ለቀረው አራት ዘንግ ተክሎ፤ ቅጠሉን ሳይነካ ማታ ጆንያ መዘርጋት፤ ጧትም ማንሣት ይገባል። በሥሩ ዙሪያ ጭድ ቢነሰነስ ይጠቅማል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያጠፋው የአትክልተኛ ችኮላ ነው። የተቃጠለው ቅርንጫፍ ወዲያው ቢቈረጥ ለጋ ቡቃያ ይወጣል፤ የሚቀጥለውም ውርጭ ያንኑ ይገድለዋል። ስለዚህ እስከ የካቲት መጨረሻ መታገሥ ያስፈልጋል፤ የደረቀው ቅርንጫፍ ለሥሩ እንደ ልብስ ይሆነዋልና።

እናት ለልጅዋ ያወረሰችው አበባ በገበያ አይተካም። ስለዚህ ከችግኞቹ አንዱን ለጎረቤት መስጠት ቸርነት ብቻ ሳይሆን ጥበብም ነው፤ የሰጪው በውርጭ ቢጠፋ፤ ዘሩ ከአጥር ማዶ ይገኛልና።