የአጎበሩን ኬሚካል አጥበን እንዳንደፋው



ብዙዎቻችን ወባን የገጠርና የክረምት ማብቂያ በሽታ አድርገን እናስባለን። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኝ ሲነሳ ግን ወቅቱ በጋ፣ ቦታውም ከተማ ነበር፤ በሽታው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዶርም ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ከወረርሽኙ ጋር የተያያዘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ ስትሆን፣ የምትራባውም ውሃ በምናጠራቅምባቸው በርሜሎችና ታንከሮች ውስጥ ነው።

አልጋችን ላይ የምንዘረጋው አጎበር ተራ መጋረጃ አይደለም። ክሩ ፓይረትሮይድ የሚባል ፀረ ነፍሳት ኬሚካል ይዟል። ትንኟ ትንፋሻችንንና የሰውነታችንን ጠረን ተከትላ ትመጣና አጎበሩ ላይ ስታርፍ ኬሚካሉ በእግሯ በኩል ገብቶ ነርቯን ይመታል። ጥቅሙ ለተኛው ብቻ አይደለም። ትንኟ የታመመ ሰው ደም ከመጠጠች በኋላ ወባውን ለሌላ ለማስተላለፍ 10 ቀን ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መቆየት አለባት። ከዚያ በፊት ከሞተች የዶርም ጓደኛችንም ይተርፋል። በአፍሪካ ከ2000 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በመከላከያ ሥራዎች ቀርተዋል ተብለው ከተገመቱት 663 ሚሊዮን የወባ ሕመሞች 68 በመቶው በአጎበር የቀሩ ናቸው።

ይህ ኬሚካል ግን ያልቃል። አጎበር የሚሠራው 20 ጊዜ ያህል እስኪታጠብ ወይም ሦስት ዓመት ገደማ ነው። በየወሩ ካጠብነው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይዳከማል። ስለዚህ፦

• አዲስ አጎበር ከመጠቀማችን በፊት ለአንድ ቀን ጥላ ውስጥ እናናፍሰው።
• ሲቆሽሽ ብቻ፣ ቢበዛ በሦስት ወር አንዴ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በተራ ሳሙና በቀስታ እንጠበው። በረኪና አንጠቀም።
• የፀሐይ ብርሃን ኬሚካሉን ስለሚጎዳ ጥላ ውስጥ እናድርቀው።
• ቀዳዳውን እንስፋ፤ ጠርዙንም ፍራሹ ሥር እንወትፈው።

አጎበር የሚጠብቀን ውስጡ ስንተኛ ብቻ ነው። ከመግሪብ በኋላ ውጭ ስንቀመጥ ሰውነታችንን የሚሸፍን ልብስ እንልበስ፤ የውሃ ዕቃዎችንም እንክደን። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ከተሰማን ደግሞ «ድካም ነው» ብለን ሳናሳድር በዚያው ቀን የደም ምርመራ እናድርግ።

ለእረፍት ወደ ቤት ስንሄድም የቤተሰባችንን አጎበር እንይ። እናቶቻችን ንጹሕ ይሁን ብለው በበረኪና አጥበው ፀሐይ ላይ አስጥተውት ሊሆን ይችላልና በአክብሮት እናስረዳቸው።