ያውቁ ኖሯል? የቆመ አውሮፕላንና የአዳማ ነፋስ

ሞተሩ ጠፍቶ፣ በሩ ተቆልፎ የቆመ ትንሽ አውሮፕላን ክንፉ ሥራ እንደማይፈታ ያውቁ ኖሯል? ክንፍ የሚፈልገው የሚያልፍበትን አየር ብቻ ነው፤ አየሩን ሞተር ያምጣው አዳማ ያምጣው ግድ የለውም።

ብዙ አብራሪዎች የሚማሩበት ሴስና 172 ባዶውን 750 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሰዎቹንና ነዳጁን ይዞ መንሳፈፍ ይችላል። እንግዲህ ብርቱ ነፋስ ባዶውን ቢያገኘውስ?

የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ፣ የሚገኝበት ኃይል ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ይህንኑ ነፋስ ይዞ ነው። አውሮፕላን ለሚያስር ሰው ግን ያው ነፋስ ራስ ምታት ነው።

ስዊድናውያን ሳብ ሳፊር በተባለ አውሮፕላን አብራሪ ያሠለጠኑባት ቢሾፍቱ ከባህር ጠለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሯ ስስ ስለሆነ፣ ባህር ዳርቻ ላይ ከሚነፍሰው እኩል ፍጥነት ያለው ነፋስ የሚገፋው በስድስተኛ ያህል አንሶ ነው። ማሰሪያ ግን አያስቀርም!

መሬት ላይ ሲነዱ ነፋሱ ከፊት በግራ ከመጣ መሪው ወደ ግራ ይዞራል፤ የግራው ኤሌሮን (ከክንፉ ኋላ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ቀና ብሎ ክንፉን ወደ ታች ይጫነዋል። ከኋላ በግራ ከመጣስ? መሪው ወደ ቀኝ ዞሮ ወደ ፊት ይገፋል፤ ኤሌሮኑም የጅራቱ ኤሌቬተርም ዝቅ ብለው ነፋሱ ከሥር ገብቶ እንዳያነሳቸው ይከለክሉታል። ክንፉ ከላይ ለሆነው ሴስና ክፉው ይህ የኋላ ነፋስ ነው። ጀማሪ መሪውን ከገለበጠ አውሮፕላኑም ሊገለበጥ ይችላል፤ ቀልድ አይደለም።

ዳይመንድ ዲኤ 40 የተባለው ትንሽ አውሮፕላን ደግሞ የፊት ጎማው በመሪ የታሰረ አይደለም፣ እንደልቡ ይዞራል። የጎን ነፋስ ጅራቱን ሲገፋው አፍንጫው ወደ ነፋሱ ስለሚዞር፣ አብራሪው ነፋስ በማይመጣበት በኩል ያለውን ፍሬን በእግሩ ይነካካል።

ሲቆም አፍንጫው ወደ ነፋሱ ይዞራል፣ ጎማው በታኮ ይያዛል፣ ሁለቱ ክንፎችና ጅራቱ ይታሰራሉ። የቃጫ ገመድ ወጥሮ ማሰር ግን አይመከርም፤ ዝናብ ሲነካው ያጥርና ክንፉን ይጎትታል።

በበጋ ቀትር ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚነሳው የአቧራ አዙሪት የባሰ ነው፤ አቅጣጫውን በሰከንዶች ይቀይራል፣ ትክክለኛ የመሪ አያያዝም የለውም። ከሩቅ ካዩት ቆሞ ማሳለፍ ነው።

መሪውንና የክንፍና የጅራት ተንቀሳቃሽ ክፍሎችን ከነፋስ የሚጠብቀው ቁልፍ ራሱ ገዳይ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ1935 የቦይንግ ሞዴል 299 ቦምብ ጣይ አሜሪካ ዴይተን ላይ ቁልፉ ሳይፈታ ተነስቶ ወደቀ፤ ሁለት ሰዎች ሞቱ። አብራሪዎች ዛሬ ከመነሳታቸው በፊት የሚያነቡት የማረጋገጫ ዝርዝር የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው፤ መሪውን እስከ ዳር አዙሮ ማየትም አንዱ መስመር ነው።