አጥቢያ ዳኛ፤ የአንድ ዝቅተኛ ችሎት ስምና ዕውቅና

ስለ ኢትዮጵያ የዳኝነት ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ዙፋን ችሎት፥ አፈ ንጉሡና ወንበሮቹ ናቸው። ይሁን እንጂ ከባላገሩ አብዛኛው በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ በአፈ ንጉሥ ፊት አልቆመም። የድንበር መገፋት፥ የከብት ሰብል መግባት፥ የስድብና የጥፊ ነገር የሚታየው በመንደሩ፥ ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ነበረ። ይህ ዝቅተኛ ችሎት ከጣልያን ወረራ ወዲህ በመንግሥት ሕግ ሦስት ስም ተሰጥቶታል፤ አጥቢያ ዳኛ፥ ፍርድ ሸንጎ፥ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ተብሏል። ስሙን የሚያወጣለት መንግሥት ነው፤ ዳኛ ብሎ የሚቆምለት ግን ተሟጋቹ ነው፤ ሁለቱም ሁልጊዜ አልተገጣጠሙም።

በቀድሞው ልማድ ዳኝነት በሹመት ብቻ የሚገኝ አልነበረም። ሁለት ሰዎች በመንገድ ቢጣሉ አላፊ አግዳሚውን «በሕግ አምላክ» ብለው ያቆሙታል፤ ያም ሰው ለዚያች ሰዓት የመንገድ ዳኛ ይሆናል። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ቋጥረው ይቆማሉ፤ በላ ልበልሃ ይባባላሉ፤ ውርርድ ይገባሉ፤ ዋስ ይጠራሉ። ፍርዱ ያልጣመው ወደሚበልጠው ዳኛ ይግባኝ ይላል። እንግዲህ ዳኛው የሚታወቀው በማዕርግ ስሙ ሳይሆን በነዚህ ምልክቶች ነበረ ማለት ነው። ቋንቋውም ይህንኑ ይመሰክራል፤ ችሎት ሥራውን ሲጀምር «ተሰየመ» ይባላል፤ ይህም ቃል ስም ወጣለት ማለትም ነውና፥ የዳኛው መቀመጥና መጠራት በአንድ ግሥ ተይዘዋል።

ከመንገድ ዳኛው በላይ ጭቃ ሹሙና መልከኛው ነበሩ። እነርሱም ግብር ይሰበስባሉ፥ ትእዛዝ ያስተላልፋሉ፥ ነገርም ይሰማሉ። አስተዳደርና ዳኝነት ያልተለያዩ መሆናቸውን የዘመኑ ሰው እንደ ጉድለት አልቈጠረውም፤ ዳኝነት የሹመቱ ክፍል ነበረና። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1942 የወጣው የፍርድ አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 2 እንኳ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ ሲያቋቁም ይህን ልማድ በአንድ ጊዜ አልቈረጠውም፤ የጠቅላይ ግዛቱ ፍርድ ቤት ሰብሳቢ አገረ ገዥው ራሱ ሆኖ ቀጠለ።

የመንደሩ ዳኛ በጽሑፍ ስም ያገኘው በ1947 በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 90 ነው። ሥልጣኑ በፍትሐ ብሔር እስከ 25 ብር ለሚደርስ ክርክር፥ በወንጀል እስከ 15 ብር ለሚደርስ መቀጮ ተወሰነ። ብዙ ጊዜ ለሹመቱ የሚታጨውም ያው የቦታው ጭቃ ሹም ወይም ባላባት ስለ ሆነ፥ ለደጋው ገበሬ ዐዋጁ አዲስ ሰው አላመጣበትም፤ የነበረውን በሌላ ስም ጠራለት እንጂ።

ስሙ ግን ሊመረመር ይገባዋል። አጥቢያ ማለት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለ ምእመን የሚኖርበት ክልል ነው። ቅዳሴውም፥ ቀብሩም፥ ሽምግልናውም በአጥቢያ በሚቈጠርበት አገር ቃሉ ለጆሮ የሚጥምና ግልጽ ነበረ። ሕጉ ግን ለመላው ግዛት የወጣ ነበረ። ቦረና ነገሩን በገዳ ጉባኤ፥ ሶማሌው በጎሣ ሽማግሎች በሚጨርስበት ቦታ አጥቢያ የሚባል ነገር በምድሩ ላይ አልነበረም። በዚያ የመጣው ስም ችሎቱን ሳይሆን የመንግሥቱን ሰው የሚያመለክት ሆነ። ሕግ አውጪው ይህን አስቦበት ይሆን ያሰኛል።

የጽሑፍ ዕውቅናውም ቢሆን ወጥ አልነበረም። በ1961 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 223 አጥቢያ ዳኛውን በስሙ ይጠራዋል፤ ስድብን፥ እጅ እልፊትን፥ በንብረት ላይ የደረሰ ቀላል ጉዳትንና ከ5 ብር የማይበልጥ ስርቆትን በተቻለ መጠን በዕርቅ እንዲጨርስ ያዘዋል፤ ዕርቁ ካልሆነ ከሁለት ሽማግሎች ጋር ተቀምጦ እስከ 15 ብር እንዲቀጣ፥ ይግባኙም ወደ ወረዳ ግዛት ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይፈቅዳል። በማግሥቱ ዓመት የወጣው የፍርድ ቤቶች ዐዋጅ ቁጥር 195 ደግሞ ጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት፥ ከፍተኛ፥ አውራጃ ግዛትና ወረዳ ግዛት ብሎ አራት ፍርድ ቤቶችን ሲደረድር አጥቢያው ከመሰላሉ ውጭ ቀረ። በ1965 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም የሥልጣን ድልድሉን ከወረዳ ይጀምራል። ስለዚህ ያው ሰው በአንደኛው ሕግ ዳኛ፥ በሌላው ስሙ የማይገኝ ሆነ። ይህ ለሕግ ዐዋቂዎች የትርጓሜ ክርክር ነው፤ የሃያ ብር ብድሩን በመንደሩ አስፈርዶ ለተመለሰ ገበሬ ግን ፍርዱ ይጸናል ወይስ አይጸናም የሚል ጥያቄ ነው። ተረቺው ፍርዱን አልቀበልም ቢል ከመዝገቡ ይልቅ አስተማማኙ ዋሱ ነበረ፤ ዋስ የሆነው ጎረቤት ከነገ ወዲያ በዕድሩም በገበያውም ያገኘዋልና።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ የጭቃ ሹሙንና የባላባቱን መሠረት ነቀለ። ገበሬ ማኅበራት ተቋቁመው የየራሳቸውን ፍርድ ሸንጎ መረጡ፤ በከተማም ቀበሌዎች እንዲሁ አደረጉ። ሸንጎ የሚለው ቃል የቀድሞውን አደባባይ የሚያስታውስ ስለ ሆነ ስሙ አልከበደም፤ የከበደው ትናንት ከሳሽ የነበረው ጭሰኛ ዛሬ በፈራጅ ወንበር መቀመጡ ነበረ። የሚያስገርመው ሹመቱ ከቀረ በኋላም ቁጥር 223 በሕጉ መጽሐፍ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት መቈየቱ ነው፤ ቀድሞ ሰው ኖሮ ስም የጐደለው ችሎት አሁን ስም ኖሮ ሰው የሌለው ሆነ።

ከ1991 ወዲህ በልዩ ልዩ ክልሎች ሕግ የቆሙት የቀበሌ ችሎቶች ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ተባሉ። የ1995 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 78 የዳኝነትን ሥልጣን ከመደበኛ ፍርድ ቤቶች ወይም በሕግ ከተፈቀደላቸው ተቋሞች የሚነጥቅና በሕግ የተደነገገውን ሥርዓት የማይከተል ልዩ ፍርድ ቤት ይከለክላል፤ ለሃይማኖትና ለባህል ፍርድ ቤቶች ግን ዕውቅና የሚሰጥበትን በር ይከፍታል። ማኅበራዊው ፍርድ ቤት ከነዚህ ከሁለቱ መካከል ቆሟል፤ ዳኞቹ በሙያ ያልሠለጠኑ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፥ ስሙ ግን የመደበኛው ፍርድ ቤት ስም ነው። ባለጉዳዩም ከዚያ የተሰጠውን ውሳኔ በወረቀት ከያዘ በኋላ፥ ብዙ ጊዜ፥ ነገሩን ለመጨረስ ሽማግሌ ይልካል።