«አነቃቂ» እና «መድኃኒት»፦ በሴሮቶኒን ተቀባዮች ላይ ስለሚሠሩ የሙከራ ውህዶች አሰያየም

የሕክምና ሳይንስ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ የሚቸገረው ቃል በማጣት ብቻ አይደለም። ያገኘው ቃል ከሚፈለገው በላይ ሲናገርም ይቸገራል። ይህን በአንድ ውህድ ምሳሌነት ለማስረዳት እንሞክራለን።

1. ጽንሰ ሐሳቡ

ሴሮቶኒን በነርቭ ሴሎች መካከል መልእክት ከሚያደርሱ ኬሚካሎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ከደም ተለይቶ ተገኘ፤ በ1953 ደግሞ በአንጎል ውስጥ መኖሩ ተገለጸ። መልእክቱ የሚደርሰው በሴሉ ሽፋን ላይ ካሉ ልዩ ፕሮቲኖች ጋር ሲጣበቅ ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች «ተቀባዮች» ይባላሉ፤ በ7 ወገኖችም ተመድበዋል።

እ.ኤ.አ. በ1981 የስዊድን ተመራማሪዎች ስምንት-ኦኤች-ዲፓት የተባለ ውህድ አስተዋወቁ። 1ኤ የተሰኘውን ተቀባይ አጥብቆ የሚመርጥ ሆኖ ስለተገኘ በእንስሳት ላይ ለሚደረግ ጥናት በብዙ ቤተ ሙከራዎች አገልግሏል። በሰባተኛው ወገን ላይም እንደሚሠራ ኋላ ታውቋል። ሕመምተኛን ለማከም ግን ተፈቅዶ አያውቅም።

2. «ቁልፍ» እና «አነቃቂ»

የውጭ መጻሕፍት ተቀባይንና ውህድን የሚያስረዱት በጓጉንቸርና በመክፈቻ ምሳሌ ነው። ተርጓሚው ሁለቱንም «ቁልፍ» ካላቸው ምሳሌው ይፈርሳል፤ በአማርኛ «ቁልፍ» የሚዘጋውም የሚከፍተውም ነውና።

ከዚህ የከፋው ተቀባዩን ሥራ የሚያስጀምረውን ውህድ «አነቃቂ» ማለት ነው። 1ኤ ተቀባይ ሥራውን ሲጀምር የነርቭ ሴሉ አይነቃም፤ ይልቁንም ይረጋል። ሴሮቶኒን በሚያመነጩት ሴሎች ላይ ያለው 1ኤ ተቀባይ ሲሠራም የሚለቀቀው ሴሮቶኒን ይቀንሳል። ስለዚህ «አነቃቂ» የተባለው ውህድ የሚያደርገው የስሙን ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። ቃሉ በቡናና በጫት ላይም ስለሚነገር አንባቢን ይበልጥ ያሳስታል።

የተሻለ ምሳሌ በፎገራ ሜዳ አለ። በርብና በጉማራ ወንዞች አካባቢ ሩዝ የሚያመርት ገበሬ የማሳውን ክትር ሲከፍት ውኃ ሊያስገባም ሊያስወጣም ይችላል። መክፈቱ አንድ ነገር ነው፤ ማሳው መሙላቱ ወይም መጉደሉ ሌላ ነው። ስያሜውም የመክፈቱን ተግባር ብቻ እንጂ ውጤቱን መናገር የለበትም።

3. «መድኃኒት»

ቃሉ «ዳነ» ማለት ከሆነው ከግዕዙ «ድኅነ» የወጣ ስለሆነ ተስፋን በውስጡ ይዟል። በአነጋገር ግን ሰፍቷል፤ በወረታም ሆነ በሌላ ስፍራ ያለ ገበሬ ለሰው ሕመም፣ ለከብት፣ ለአረምና ለተባይ የሚሆነውን ሁሉ «መድኃኒት» ይላል፤ «የአይጥ መድኃኒት» ደግሞ የሚገድል ነው። በእነዚህ ሁሉ አንድ የጋራ ፍሬ ነገር አለ፤ መድኃኒት የታሰበለትን ነገር ያደርጋል።

እንግዲህ ይህ ገበሬ «የሙከራ መድኃኒት» ለመውሰድ ፈቃዱን ቢጠየቅ፣ ጎልቶ የሚሰማው ሁለተኛው ቃል ነው። ማዳኑ የታወቀ፣ የሚሞከረው መጠኑ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ጥያቄው ግን ያድን ይሆን ወይስ ይጎዳ ይሆን የሚል ነው። ይህን ሳይረዳ የሰጠው ፈቃድ እንደ ፈቃድ ሊቆጠር አይገባም፤ ጥፋቱም የተርጓሚው ነው። «ዕፅ» የሚለው ምትክም አይረዳም፤ አደንዛዥ ነገርን ያስታውሳልና።

4. የቀረቡ ስያሜዎች

ሀ. ተቀባዩን ሥራ የሚያስጀምር፦ የተቀባይ አሠሪ። ቃሉ ሠራተኛ ለሚቀጥር ሰው ቢነገርም «የተቀባይ» ሲቀድመው አያሻማም።

ለ. በከፊል ብቻ የሚያሠራ፦ ከፊል አሠሪ።

ሐ. ቦታውን ይዞ ሌላው እንዳይሠራ የሚከለክል፦ የተቀባይ አጋጅ።

መ. በቤተ ሙከራ ብቻ ያለ፦ የሙከራ ውህድ።

ሠ. በሰው ላይ የሚፈተን፦ በፍተሻ ላይ ያለ ውህድ።

«መድኃኒት» የሚለው ስም ፈዋሽነቱ ተመስክሮ ለሕክምና እስኪፈቀድ ድረስ ይቆይ። ስሙ ከማስረጃው መቅደም የለበትም።