ኮሶና ልኩ

ደብረ ኤልያስም ሆነ ሌላው የጎጃም አገር ቁርጥ ወዳድ ነው። ጥሬ ሥጋ ባለበት ደግሞ የኮሶ ትል አይጠፋም። ትሉ በአራት መምጠጫዎቹ አንጀት ላይ ተጣብቆ ሜትሮች እስኪረዝም ይኖራል፤ ባለቤቱ የሚነቃው ቁርጥራጩ ከሰገራ ጋር ሲወጣ ነው።

የትሉ ባህላዊ መድኃኒት የሆነው የኮሶ ዛፍ ወንድና ሴት አለው። ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ብሎ የሚንዠረገገው የሴቴዋ አበባ ነው። ደርቆ ይወቀጣል፣ በውሃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፣ ጧት በባዶ ሆድ ይጨለጣል። ብዙው ሰው አፍንጫውን ይዞ ነው የሚጠጣው። ከዚያ ማቅለሽለሹ፣ ቁርጠቱ፣ ማስቀመጡ ይከተላል። ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ሥራ አይታዘዝም፤ ቢታዘዝስ ከጓሮ መች ይርቃል?

ጄምስ ብሩስ፣ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ለአውሮፓ አስተዋወቀ። በ19ኛው መቶ ዘመን አበባው ባሕር ተሻግሮ በለንደን መድኃኒት ቤቶች ተሸጠ። ችግር ግን ነበረበት። ትሉን የሚያደክሙት እንደ ኮሶቶክሲን ያሉ ውሁዶች ከአበባ አበባ መጠናቸው ይለያያል፤ የከረመ አበባ ደግሞ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ዘንድሮ ያሻረ እፍኝ ለከርሞ ላይሠራ ይችላል። ትሉ አልወጣም ብሎ የደገመ ሰው ደግሞ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል፤ ለነፍሰ ጡርም ጽንስ ያስወርዳል የሚባል አደገኛ ነገር ነው። በእኔ ግምት ኮሶን የጣለው ምሬቱ አይደለም፣ የልኩ አለመታወቅ ነው። ዛሬ ፕራዚኳንቴል በክብደት ተለክቶ አንዴ ይዋጣል፣ ማግስቱን ሥራ ነው። ኮሶ አለብኝ የሚል ዘመድ ቢጠይቀኝ ወደ ጤና ጣቢያ ነው የምልከው።

ይህ ማለት ግን አበባው ተጣርቶ፣ ተለክቶ፣ ተፈትኖ መድኃኒት አይወጣውም ማለት አይደለም። 

ሌላው የአገር ዕፅ፣ እንዶድ፣ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቁልቁል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ስለሆነ፣ በሽታውን ለመከላከል ሰው ምንም መዋጥ ሳያስፈልገው እንዶዱን ወንዙ ውስጥ መጨመር ይቻላል። አክሊሉና ባልደረባቸው ለገሰ ወልደዮሐንስ በ1989 በስዊድን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለሙበት።