አሮጌ የጠረጴዛ መብራት ከሥሩ ይታያል

የቆየ የጠረጴዛ መብራት የሚሸጥ ሰው ዕቃው ቡናማ ከሆነ ነሐስ፣ ቢጫ ከሆነ ናስ ነው ይላል። የላዩን ቀለም ማመን ግን አይበጅም። የበርሚንግሃሞቹ ኤልኪንግተኖች በኤሌክትሪክ የመለበጥን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1840 በፈጠራ መብት ካስመዘገቡ ወዲህ፣ ርካሹን ማዕድን ውድ አስመስሎ ማውጣት የተለመደ የፋብሪካ ሥራ ሆኗል።

መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉ። ቀጥሎ ማግኔት ያስጠጉ። አጥብቆ ከያዘ፣ ላዩ እንደ ወርቅ ቢያበራም ውስጡ ብረት ነው፤ ልባጡ በተላጠበት በኩል ቀይ ዝገት ይወጣዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በመብራቱ መሐል ሽቦውን የሚያሳልፈው ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ስለሆነ፣ ማግኔቱ ግንዱ ላይ በስሱ ቢሳብ ገላው ሁሉ ብረት ነው ማለት አይደለም። ክብደትም እንዲሁ ያታልላል። መብራቱ እንዳይወድቅ ሲባል መቀመጫው ውስጥ ብረት፣ እርሳስ ወይም ጄሶ ይጨመራል። «ከባድ ስለሆነ ነሐስ ነው» የሚል ሻጭ ምንም አላስረዳም።

ትክክለኛው መልስ ያለው ሠሪው ያላሳመረው ቦታ ላይ፣ ማለትም ከሥሩ ነው። የተለጠፈበትን ጨርቅ ገለጥ አድርገው፣ ከውጭ በማይታይ ጥግ በሹል ነገር ትንሽ ይጫሩት። መዳብና ዚንክ የተቀላቀሉበት ናስ ቢጫ ሆኖ ይታያል። መዳብና ቆርቆሮ የተቀላቀሉበት ነሐስ ወደ ቀይ ያደላል፤ ንጹሕ መዳብ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ግራጫ፣ የብር መልክ ያለው ጭረት ከወጣ ዕቃው ስፔልተር የሚባለው፣ ዋና አካሉ ዚንክ የሆነ ማዕድን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፈረንሳይና በአሜሪካ የተሠሩ ብዙ ምስል ያላቸው መብራቶች ነሐስ መስለው የሚታዩት ስፔልተሮች ናቸው። በጣት ጥፍር መታ ቢያደርጉት ነሐስ ይጮኻል፤ ስፔልተር ግን ድምፁ ድፍን ነው።

ስፔልተር መናኛ ነው ብዬ አላጣጥለውም፤ ቅርጹ ያማረ ሞልቷል። ግን ተሰባሪ ነው፤ በያጅ ዘንድም ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ነሐስና ናስ ለመቅለጥ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማና ከዚያ በላይ ሲፈልጉ፣ ዚንክ በ420 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ማንነቱን ሳያውቅ እሳት የለቀቀበት በያጅ እግሩን ሊያፈሰው ይችላል።

የኒው ዮርኩ ቲፋኒ ስቱዲዮስ ባለቀለም የመስታወት መብራቶች እግራቸው በአብዛኛው ነሐስ ሲሆን፣ ከሥሩ የድርጅቱ ስምና ቁጥር ተመትቶበታል። ማኅተም ግን በሐሰትም ይመታልና ጭረቱንና የአሠራሩን ጥራት አብረው ይመርምሩ።

ምንነቱን እስኪያውቁ ድረስ በማጽጃ ቅባት አይፈትጉት። በነሐስ ላይ ዘመን ያመጣው ጥቁር ቡናማ ወይም አረንጓዴ ገጽ ለሰብሳቢዎች የዋጋው ክፍል ነው፤ በስፔልተር ላይ ደግሞ ስስ ልባጡ ከተፋቀ አይመለስም።