ከበጎ ፈቃደኛው ጀርባ ያለው መምህር

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቅቀው ወደ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ሥራ ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት ያህል ወስደው ከሀገራቸው ውጭ በሚገኝ ትምህርት ቤት በረዳትነት የሚያገለግሉ ወጣቶች በአውሮፓ ጥቂት አይደሉም። ስለ እነርሱ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጉዟቸውና ስለሚያካብቱት የሕይወት ልምድ ሲሆን፣ ከመሄዳቸው በፊት የሚያዘጋጃቸው፣ በደረሱበት ክፍል ውስጥ ሥራ የሚያሳያቸው፣ መንፈሳቸው ሲዝል የሚያነጋግራቸውና ሲመለሱም ያዩትን እንዲመረምሩ የሚያግዛቸው መምህር ግን እምብዛም አይወሳም። ሆኖም ዕድሜው ገና አሥራ ስምንት ወይም አሥራ ዘጠኝ የሆነ፣ የመምህርነት ሥልጠና ያልወሰደና የአካባቢውን ቋንቋ በቅጡ የማይናገር ወጣት ተማሪዎችን የሚጠቅም ረዳት መሆኑን ወይም ለተቀባዩ ትምህርት ቤት ተጨማሪ ሸክም መሆኑን የሚወስነው፣ ከወጣቱ ቅንነት ይልቅ የዚህ መምህር ሥራ ነው። ድጋፉን በሕግና በመመሪያ ቅርጽ አስይዘው ከሚያካሂዱ ሀገሮች አንዷ ጀርመን በመሆኗ፣ ይህ ጽሑፍ በዋነኛነት የሚያተኩረው በዚያ ሀገር አሠራር ላይ ነው።

ሐሳቡ ራሱ የተጀመረው በጀርመን አይደለም። በብሪታንያ አሌክ ዲክሰንና ባለቤታቸው ሞራ ዲክሰን እ.ኤ.አ. በ1958 የመሠረቱት የባሕር ማዶ በጎ ፈቃድ አገልግሎት የመጀመሪያዎቹን ወጣቶች የላከው ትምህርት ቤት በጨረሱ ማግሥት ሲሆን፣ ዲክሰንም የወጣትነት ጉልበትና ተነሣሽነት ራሱ የሚሰጥ ነገር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ድርጅቱ ግን ብዙም ሳይቆይ ወደ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን፣ በኋላም ልምድ ወዳካበቱ ባለሙያዎች አዘነበለ። በኢትዮጵያ የሚታወሱት ተመሳሳይ አገልግሎቶችም የረዳትነት አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ሀገሪቱ የገቡትና ቁጥራቸው ወደ 300 የሚጠጋው የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት በአብዛኛው ምሩቃን ስለነበሩ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሙሉ የመምህርነት ሥራ ተሰጥቷቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት ወጥተው እንዲያገለግሉ ያዝዝ ስለነበር፣ ከእነርሱ የሚበዙት በጠቅላይ ግዛቶች ሲያስተምሩ ቆይተዋል። በሁለቱም ዘንድ የታሰበው የመምህር እጥረትን መሙላት ነበር። ትምህርት ቤት የጨረሰው ወጣት ግን እጥረት ለመሙላት የሚላክ ሰው ስላልሆነ፣ የሚያስፈልገው ድጋፍም ከዚህ የተለየ ነው።

በጀርመን ከሚካሄዱት መርሐ ግብሮች ሁለቱ ይታወቃሉ። የመጀመሪያው ቬልትቬርትስ የሚባለውና የሀገሪቱ የልማት ትብብር ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2008 ያቋቋመው ሲሆን፣ ከ18 እስከ 28 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ወጣቶች ከ6 እስከ 24 ወራት ለሚደርስ ጊዜ ወደ አፍሪካ፣ እስያ፣ ላቲን አሜሪካና ምሥራቅ አውሮፓ ይልካል። ወጪውን በአብዛኛው መንግሥት ይሸፍናል፤ ወጣቶቹን መርጠው የሚልኩት ግን የሃይማኖት ተቋማት፣ የወጣት ማኅበራትና የእህትማማች ከተሞች ኮሚቴዎች የሚገኙባቸው ከመቶ የሚበልጡ ድርጅቶች ናቸው። ሁለተኛው ኩልቱርቫይት ይባላል፤ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገንዘብ የጀርመን ዩኔስኮ ኮሚሽን ያካሂደዋል፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮም ወጣቶችን የጀርመንኛ ቋንቋ ወደሚሰጥባቸው የውጭ ሀገር ትምህርት ቤቶችና ወደ ሌሎች የባህል ተቋማት ሲልክ ቆይቷል። ቬልትቬርትስ ራሱን የሚገልጸው የመማሪያ አገልግሎት ብሎ ነው። ይህ አገላለጽ ለትሕትና ያህል የተመረጠ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ተግባራዊ ውጤት አለው፤ ምክንያቱም ወጣቱ በዋነኛነት የሚማር ሰው ከሆነ የሚያስተምረው ሰው መኖሩ ግዴታ ይሆናል።

በዚህ መሠረት በሁለቱም መርሐ ግብሮች ለአንድ ዓመት አገልግሎት ቢያንስ 25 የሴሚናር ቀናት ይመደባሉ። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ከጉዞው በፊት ያልፋሉ፤ አምስት ያህሉ በአገልግሎቱ አጋማሽ በሚያገለግሉበት ሀገር ወይም በአቅራቢያው፣ የቀሩትም ከተመለሱ በኋላ ይካሄዳሉ። ከሴሚናሮቹ ጎን ሦስት ዓይነት ደጋፊዎች ይቆማሉ። አንደኛው በላኪው ድርጅት የሚሠራ የትምህርት ባለሙያ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚያግዙት ቀድሞ በጎ ፈቃደኛ የነበሩ ወጣት አወያዮች ናቸው፤ ሁለተኛው በተቀባዩ ትምህርት ቤት ለወጣቱ ሥራ የሚመድብና የሚከታተል መምህር ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሆነ አማካሪ ሲሆን፣ ወጣቱ ሥራ ከሚመድብለት መምህር ጋር ቢጋጭ ወይም ስለ መኖሪያው፣ ስለ ጤናውና ስለ ደኅንነቱ የሚያወያየው ሰው ቢፈልግ የሚሄድበት እርሱ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ ሰው እንዳይሆኑ የሚደረገው፣ ቅሬታ የቀረበበት ሰው ቅሬታ ሰሚ ሊሆን ስለማይገባው ነው።

የዝግጅት ሴሚናሩ የማስተማር ዘዴ ማሠልጠኛ አይደለም። በአሥር ወይም በአሥራ ሁለት ቀናት መምህር ማፍራት እንደማይቻል አዘጋጆቹ ስለሚያውቁ፣ ትኩረታቸውን የሚያደርጉት ወጣቱ ከማያውቀው ትምህርት ቤት ገብቶ እንዴት መመልከት፣ መጠየቅና መታገሥ እንዳለበት ላይ ነው። የሕፃናት ጥበቃ ቀዳሚ ሥፍራ ይይዛል፤ ወጣቱ ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ያቀርባል፣ ከልጆች ጋር ብቻውን ስለሚሆንበት ሁኔታ፣ ስለ አካላዊ ቅርበትና ስለ ፎቶግራፍ የተጻፈ የሥነ ምግባር ደንብም ይቀበላል። ፎቶግራፍ የተለየ ክርክር የሚያስነሣ ርእስ ነው። ግሎካል የተባለ የበርሊን ማኅበር በጎ ፈቃደኞች ወደ ቤተሰቦቻቸውና ወደ ደጋፊዎቻቸው የሚልኩትን ዘገባና ምስል ከቅኝ ግዛት ዘመን አገላለጾች ጋር እያነጻጸረ የሚመረምር አነስተኛ መጽሐፍ አሳትሟል፤ ወጣቶች እንደነዚህ ያሉትን ጽሑፎች እያነበቡ፣ በሀገራቸው ትምህርት ቤት ያለ ወላጅ ፈቃድ የማያነሡትን ልጅ በሌላ ሀገር ለምን ሊያነሡት እንደሚደፍሩ ይጠየቃሉ።

ታሪክም የዝግጅቱ አካል ነው። ወደ ታንዛንያ የሚሄድ ጀርመናዊ ወጣት የሚያገኛቸው ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1907 በጀርመን ቅኝ አገዛዝ ላይ የተነሣውን የማጂ ማጂ ጦርነት በትምህርት ቤት ይማሩታል፤ ወደ ናሚቢያ የሚሄደውም ከ1904 እስከ 1908 በሄሬሮና በናማ ሕዝቦች ላይ የተፈጸመው እልቂት ገና ሕያው ክርክር ወደሆነበት ሀገር ይገባል። ሊያግዝ የመጣው ሰው የራሱን ሀገር ታሪክ ከሚታገዘው ልጅ ባነሰ የሚያውቅ ከሆነ፣ የመጀመሪያው የታሪክ ክፍለ ጊዜ ለሁለቱም የሚያሳፍር ይሆናል።

የሥራው ፈተና የሚጀምረው ግን ክፍል ውስጥ ሲገባ ነው። ልምድ ያላት ተቀባይ መምህርት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወጣቱን ከኋላ ወንበር አስቀምጣ እንዲመለከት ታደርጋለች፤ ምን እንዳየ ከክፍለ ጊዜው በኋላ ትጠይቀዋለች፣ ቀጥላም ጠባብና የተወሰነ ሥራ ትሰጠዋለች፤ ለምሳሌ ንባብ ከሚከብዳቸው አምስት ስድስት ልጆች ጋር ተቀምጦ ማንበብን፣ የቃላት ካርድ ማዘጋጀትን፣ ቤተ መጻሕፍቱን ማደራጀትን ወይም ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚካሄድ የቋንቋ ክበብ መምራትን። የሚሰጠው ሥራ በቋንቋም ይወሰናል። በታንዛንያ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በኪስዋሂሊ፣ ሁለተኛ ደረጃው ደግሞ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ኪስዋሂሊ የማያውቅ ረዳት ከታችኛው ደረጃ ቢመደብ ከእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ውጭ የሚሠራው ነገር እምብዛም አይኖረውም፤ በዚህም ምክንያት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቋንቋ ትምህርት ለወጣቱ ምቾት ብቻ ሳይሆን ለሥራው ሲባል የሚሰጥ ነው። ቋንቋውን ዘግይቶ የጀመረ ወጣት ብዙውን ጊዜ እስከ አጋማሹ ድረስ ወረቀት ከማባዛትና ኳስ ከማጫወት አያልፍም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቸግረው ወጣቱ ሳይዘጋጅበት ሙሉ መምህር የሚሆንበት አጋጣሚ ነው። የቬልትቬርትስ መመሪያ በጎ ፈቃደኛው የሀገሬውን ሠራተኛ መተካት እንደሌለበት በግልጽ ይደነግጋል፤ ይሁን እንጂ መምህር በቀረበት ቀን፣ ክፍሉ በተማሪዎች ተሞልቶ ሳለ፣ አንድ ጠመኔ የያዘ ነጭ ወጣት በበሩ ሲያልፍ መመሪያውን የሚያስታውስ ርእሰ መምህር ማግኘት ቀላል አይደለም። ወጣቱም ብዙ ጊዜ ደስ ይለዋል፤ በሀገሩ ማንም የማይሰጠውን ሥልጣን አግኝቷልና። የድጋፍ ሰጪው መምህር ሥራ ይህን ደስታ ሳይንቅ ማረም ነው፤ አንድ ቀን በጨዋታ ወይም በንባብ ክፍሉን ማቆየትና የትምህርቱን ዓመት መሸከም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያስረዳዋል፣ ርእሰ መምህሩን ሳያስቀይም እንዴት እንቢ እንደሚልም ያለማምደዋል።

የአጋማሹ ሴሚናር ዋና መሣሪያ የጉዳይ ምክክር የሚባለው ዘዴ ነው። አንድ ተሳታፊ ያጋጠመውን ችግር ይናገራል፤ ሌሎቹ ነገሩን ለመረዳት ብቻ ጥያቄ ይጠይቁታል፤ ከዚያ ተናጋሪው ከክቡ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ዝም ሲል፣ ቡድኑ እርሱ እንደሌለ ሆኖ ችግሩ ከየት እንደመነጨ ይወያያል፤ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ከሰማው ውስጥ የሚጠቅመውን ራሱ ይመርጣል። ዝምታው የዘዴው ቁልፍ ነው፤ ሰው ራሱን ለመከላከል የሚናገርበት ዕድል ሲያጣ መስማት ይጀምራልና። በተደጋጋሚ ከሚቀርቡት ጉዳዮች አንዱ በዱላ መቅጣት ነው። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የትምህርት ቤቶች አዋጅ ሲከለክለው፣ በታንዛንያ ግን ሕጉ በወሰናቸው ሁኔታዎች ይፈቅደዋል። ወጣቱ መምህሩ ተማሪ ሲመታ አይቶ በክፍሉ ፊት ቢቃወም የመምህሩን ክብር ይነካል፤ ዝም ቢል ኅሊናው ይወቅሰዋል፤ ራሱ እንዲቀጣ ቢታዘዝ ደግሞ የፈረመውን ደንብ ይጥሳል። አወያዩ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አይሰጥም። ወጣቱ እንደማይመታ አስቀድሞ መናገር እንደሚገባው፣ ንግግሩን ግን ከክፍል ውጭና ከመምህሩ ጋር ብቻ ማድረግ እንደሚሻል፣ በተማሪዎች ብዛትና በደመወዝ ማነስ መካከል መምህሩ ያለበትን ጭንቀትም መጠየቅ እንዳለበት ያወያያቸዋል።

ሴሚናሩ በአጋማሹ ላይ የሚደረገው ሰው በባዕድ ሀገር የሚያልፍበትን የመላመድ ሂደት ከግምት በማስገባት ነው። የኖርዌዩ የማኅበረሰብ ተመራማሪ ስቬረ ሊስጎር እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ የቆዩ ኖርዌያውያን የነጻ ትምህርት ተጠቃሚዎች በመጀመሪያ ሰሞን ሞቅ ብሏቸው፣ ከዚያ ወደ ብቸኝነትና ቅሬታ ወርደው፣ ኋላ እንደሚያንሠራሩ አመልክተዋል። ይህ ወርዶ የሚነሣ የስሜት መስመር ለሁሉ ሰው እንደማይሠራ የሚከራከሩ ብዙዎች ናቸው፤ ትችታቸውም ትክክል ይመስላል። ቢሆንም በአራተኛውና በአምስተኛው ወር መንፈሱ የዛለበት ወጣት ሁኔታው የእርሱ ብቻ ድክመት አለመሆኑን ሲሰማ ዕረፍት ስለሚያገኝ፣ አወያዮች መስመሩን ዛሬም በሰሌዳ ላይ ይሥሉታል።

መርሐ ግብሮቹ ያለ ተቃዋሚ አልኖሩም። ማኅበራዊ ተቺው ኢቫን ኢሊች እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ኩዌርናቫካ ለአሜሪካውያን ወጣት በጎ ፈቃደኞች ባደረጉት ንግግር፣ ያልተጠሩበት ቤት ገብተው ከመርዳት ይልቅ ባይመጡ እንደሚሻል ፊት ለፊት ነግረዋቸው ነበር፤ ንግግሩም እስከ ዛሬ በዝግጅት ሴሚናሮች ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ብሊክቬክሰል የተባለ ዘጋቢ ፊልም ደግሞ በጋና፣ በጋምቢያና በደቡብ አፍሪካ ያሉ አስተናጋጆች ስለ ጀርመናውያን በጎ ፈቃደኞች የሚሉትን ያቀርባል። ከእነዚህ ሁሉ ትችቶች መካከል ክብደት ሊሰጠው የሚገባውና በሕዝባዊ ክርክር ብዙም የማይነሣው የተቀባዩ መምህር ጊዜ ጉዳይ ነው። የወጣቱ 25 የሴሚናር ቀናት በጀት አላቸው፣ የአውሮፕላን ትኬቱም፣ የኪስ ገንዘቡም ተከፍሏል፤ ወጣቱን በየዓመቱ ከመጀመሪያው አንሥታ የምታሠለጥነው የገጠር መምህርት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን የምታደርገው ከራሷ የማስተማሪያ ሰዓት ቆርሳ ነው፤ ሥራውን በለመደ ጊዜም ወጣቱ ሻንጣውን ሸክፎ ይሄዳል፣ በመስከረምም ሌላ ይመጣል። ለተቀባይ ድርጅቶች የሚዘጋጁ የአጋሮች ዐውደ ጥናቶች መኖራቸው አንድ እርምጃ ቢሆንም፣ መምህርቷ ለዚህ ሥራ የተቀነሰላት ክፍለ ጊዜ እስከሌለ ድረስ ጉድለቱ አይሞላም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው የቬልትቬርትስ ሌላኛው ክንፍ ይህን ጉዳይ ከተቃራኒው አቅጣጫ ያሳያል። በእርሱ አማካይነት ከአጋር ሀገሮች የሚመጡ ወጣቶች በጀርመን መዋዕለ ሕፃናት፣ ትምህርት ቤቶችና የአካል ጉዳተኞች ተቋማት ያገለግላሉ። ከታንዛንያ ወይም ከጋና የመጣውን ረዳት የሚቀበለው ጀርመናዊ መምህር፣ ቋንቋውን ገና የሚማር፣ በክረምቱ የጨነቀውና የሥራውን ወሰን የማያውቅ ወጣት ሲሰጠው፣ ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በኋላ ቁጭ ብሎ የሚያወያይበት ሰዓት ከየት እንደሚያመጣ ከርእሰ መምህሩ ጋር መደራደር ይኖርበታል። በዚህ አቅጣጫ የሚመጡት ግን ከሚሄዱት እጅግ ያነሱ ናቸው፤ የቪዛ ሂደቱና ከጉዞው በፊት የሚጠየቀው የጀርመንኛ ዕውቀት ብዙዎችን ገና በመነሻው ያስቀራቸዋል።